የመኝታ ቤትሽ ቁልፍ

ልጄ፣
የሥራ ጋውንሽን ገልብጠሽ መልበስሽን ያየሁት አውቶቡሱ ላይ ልትሳፈሪ ስትዪ ነው። በመስኮት ጠራሁሽ፤ አልሰማሽኝም።

እንቅልፍ ማጣትሽን በስልክሽና ከሰዓት በኋላ በምትጠጪው ቡና ላይ ሳላክክ ከረምኩ። ትናንት ግን አክስትሽ፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ሌሊት ሌሊት እየገባሽ አፍንጫዋ ሥር እጅሽን እየደቀንሽ ልጅቷ በምን ዓይኗ ትተኛ?” አለችኝ።
የተኛሽ ትመስዪኝ ነበር እኮ።
ወንድምሽ እንደተኛ ከቀረ ወዲህ ትንፋሽሽን ሳልሰማ ማደር አቃተኝ።

እሷ ዘንድ ልሰነብት ነው። እራትሽ ምድጃው ላይ አለ። ወፍራሙን መጋረጃ ሰቅዬልሻለሁ።
ቡናውን ግን ቀንሺ።

ጠዋት ዓይንሽን እንደገለጥሽ ደውዪልኝ። ከዚያ በፊት እኔ አልደውልም።

የደበቅኩብሽ የመኝታ ቤትሽ ቁልፍ ትራስሽ ላይ ነው።
ዛሬ ከውስጥ ቆልፈሽ ተኚ።