ለወዳጅነታችን ሲባል ስሙ ያልተነገረው በርሜል

ለክቡር የመከላከያ ኢንዱስትሪ ሚኒስትር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። መቼም በጤናዎ እንዳሉ ዓይኔ ምስክር ነው። ባለፈው ሳምንት ከወዳጅ ሀገር ከመጡት አቻዎ ጎን ቆመው፣ ዘመን ያስቆጠረው የሁለቱ ሀገሮች የመከላከያና የኢንዱስትሪ ትብብር ወደ ላቀ ምዕራፍ መሸጋገሩን ሲያበስሩ አይቼዎታለሁ፤ ፊትዎ ሞላ፣ ትከሻዎ ሰፋ ብሏል፤ ፈጣሪ ይጨምርልዎ። ያየሁዎት በሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ኮሪደር ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ነው። ነርሷ ለሕሙማኑ ብላ ድምፁን ስላጠፋችው ንግግርዎን ለመስማት አልታደልኩም፤ ጭብጨባው ግን ያለ ድምፅም ያስታውቅ ነበር።

እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «ከከበረ ሰላምታ ጋር» እያልኩ ለአለቆቼ ስተይብ ኖሬ ለራሴ ጉዳይ ስጽፈው ይህ የመጀመሪያዬ ነውና ግድፈት ቢያገኙ እንደ እናት ይለፉኝ። አንዲት ልጅ አለችኝ። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ እናትም አባትም ሆኜ ያሳደግኋት ናት። የምትሠራው በከተማችን ዳር ባለው፣ ድሮ የውኃ ፓምፕ ይወጣበት በነበረውና በትብብሩ በረከት ዛሬ ምን እንደሚወጣበት በማይነገረው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራዋ ብረት ማጠብ ነው፤ ዝገቱና ቅባቱ እንዲለቅ ብረቱን ኃይለኛ ፈሳሽ ባለበት ገንዳ ውስጥ ትነክራለች። ፈሳሹ ከወዳጅ ሀገር በሰማያዊ በርሜል ይመጣል። በበርሜሉ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለበትም።

አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ለፋይል እንዲመችዎ ብዬ ነው።

፩. በቅድሚያ ምስጢር ጠባቂነታችሁን አደንቃለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ልጄ ከበርሜሉ ወደ ገንዳው ስትቀዳ ቱቦው ከአፉ ተነቅሎ ፈሳሹ ቀኝ እጇ ላይ ፈሰሰ። በውኃ ታጥባ፣ «ምንም አልሆንኩም እማዬ፣ ትንሽ ቀላ ነው ያለው» ብላ ደወለችልኝ። ቀኑ ሳይጋመስ ግን ጓደኞቿ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷት። እኔ ስደርስ ትራሱን ነክሳ ታቃስታለች። ሐኪሟ እጇን አገላብጣ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ቆዳዋን ብቻ ባይ ቀላል ነው እል ነበር፤ ሕመሙ ግን አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። የምጠረጥረው ብዙ ነው፤ መድኃኒቱ ደግሞ እንደ መርዙ ይለያያል። አንዱን በአንዱ ቦታ ብሰጣት ልገድላት እችላለሁ። እናቴ፣ በሞቴ፣ የነካትን ነገር ስሙን ብቻ ያምጡልኝ።»

ፋብሪካው በር ላይ ሥራ አስኪያጁን አገኘሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ ነው ያነጋገረኝ። «እማማ፣ ስሙን እኔም አላውቀውም። የማውቀው ቁጥሩን ነው። ቁጥሩንም ልነግርዎ አልችልም» አለኝ። ከእኔ የተሰወረው ከእርሱም መሰወሩ፣ በመካከላችን አድልዎ አለመኖሩን ስለሚያሳይ ሳላመሰግን አላልፍም።

፪. በቢሮዎ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ። ከፋብሪካው በቀጥታ ወደ እርስዎ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ የታሸገ ውኃም ከፈተልኝ። «የተከበሩ እናት፣ በስምምነቱ መሠረት ያለ አጋራችን ፈቃድ የግብዓት ስም አይገለጽም። ጥያቄዎን ግን አስተላልፈናል። ችግሩ፣ እዚያ ዛሬ በዓል ነው» አለኝ። ልጄ በሰው ሀገር በዓል ቀን መቃጠሏ የእኛ ጥፋት መሆኑን አምናለሁ። ያኔ ግን ይህን የሚያስብ ልብ አልነበረኝምና ከወንበሩ ወርጄ እግሩ ላይ ወደቅኩ፤ ጫማውን ይዤ «ልጄን፣ ልጄን» አልኩት። ለአለቃ ጎንበስ ብል እንጂ ተንበርክኬ የማላውቅ ሴት ነኝ። እርሱም ቀስ ብሎ ጆሮዬ ላይ፣ «እባክዎ ይነሡ፣ ካሜራ አለ» አለኝ። ለክብሬ ስለተጨነቀልኝ ውለታው አለብኝ።

ባዶ እጄን ስመለስ ልጄ ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም ነበር። ስሙን እንዳላመጣሁላት ከፊቴ አነበበች መሰለኝ፣ «እንግዲያው ቁረጡልኝ፣ እማዬ። ቁረጡልኝ በላቸው» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር በየትኛው አክብሮታዊ አነጋገር እንደማቀርብልዎ አላውቅምና እንደወረደ ይቀበሉኝ።

፫. ስለ አንድ የውጭ ዜጋ ሥርዓት አልባነት። ወዳጅ ሀገር ሠራተኞቻችንን እንዲያሠለጥን የላከው አንድ ሽማግሌ ቴክኒሻን ነበር። ከቋንቋችን የሚያውቀው «ቀስ፣ ቀስ» ማለትን ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ጋሽ ቀስ በቀስ ይሉታል። ያን ቀን ተረኛ አልነበረም፤ ወሬውን የሰማው በማግስቱ ጠዋት ከልጄ ጓደኞች ነው። ካረፈበት ቤት በነጠላ ጫማ እየሮጠ፣ አንዱ ጫማ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ሆስፒታል ደረሰ። ሐኪሟን ክንዷን ይዞ አንዲት ቃል ተናገረ። የበሽታና የመርዝ ስም በየሀገሩ ብዙም አይለያይም መሰለኝ፣ ገና ከአፉ ሲወጣ ገባት። ሮጠች።

መድኃኒቱ የት ነበር ይበሉኝ። እዚያው ክፍል፣ ከልጄ አልጋ ፊት ለፊት፣ መስተዋት ባለው መደርደሪያ ውስጥ ነበር። ለሌላ ሕመም በየቀኑ የሚታዘዝ ተራ መድኃኒት ነው። ወዲያው በመርፌ ተሰጣት፤ ማቃሰቷ ቀነሰ፤ ትራሱን ለቀቀችው። ሽማግሌው እግርጌዋ ቆሞ «ቀስ፣ ቀስ» እያለ ሲያለቅስ፣ እኔ ያችን ከቋንቋችን የሚያውቃትን «ቀስ» «አይዞሽ» ብዬ ተረጎምኳት።

ሐኪሟ፣ ጥቂት ቢቆይ የልጄ ልብ ይቆም ነበር ብላኛለች። ልጄ ተርፋለች። እጇ ግን ከውስጥ ተበልቶ አልቆ ስለነበር ከአንጓው በላይ ተቆርጧል።

እርስዎም አልዘገዩም፤ ሽማግሌውን «የትብብሩን መንፈስ በመጣስ» ብለው በሳምንቱ ወደ ሀገሩ ሸኙት፤ ሐኪሟም ያን የመርዝ ስም ዳግም ከአፏ እንዳታወጣ ተመክራለች። በዚህ ሁሉ የትብብር ዘመን፣ ከዚያ ሀገር ወደዚህ ሀገር እውቀት ሲሸጋገር በዓይኔ ያየሁት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነበር። አሸጋጋሪው ተባረረ።

፬. ስለ ወሰዳችሁት የማያዳግም እርምጃ። የማጠቢያው ክፍል ተመልሶ ተከፍቷል። ቱቦው በሽቦ ታስሯል። ምስጢሩ ወጥቷል ተብሎ ፈሳሹም ተለውጧል፤ በርሜሉ አሁን አረንጓዴ ነው፤ ቁጥሩም ሌላ ነው፤ ስም ግን አሁንም የለውም። በልጄ ቦታ የቆመችው የታናሽ እህቴ ልጅ ናት። አትሂጂ ብዬ በር ላይ ቆምኩባት። «አክስቴ፣ ሥራ ነው። ቀርቼስ ምን ልበላ ነው?» ብላ ግንባሬን ስማኝ በጎኔ አለፈች። የአረንጓዴውን ስም የሚያውቅ፣ ነጠላ ጫማ አጥልቆ የሚሮጥ ሰው ደግሞ በዚህ ከተማ አልቀረልንም።

እንግዲህ ቀልዱ ይቅር፤ እለምንዎታለሁ። የልጄን እጅ አልጠይቅም፤ ካሳም አልጠይቅም። የመርዙ ስም ምስጢር ከሆነ ይሁን፤ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ለሆስፒታሉ ይንገሩልን። እሱም ካልሆነልዎ፣ ሐኪሟ ልትደውልለት የምትችል አንድ ሰው፣ በበዓል ቀንም ስልክ የሚያነሣ፣ ይስጡን። እህቴ በየቀኑ ልጇ እስክትገባ እህል በአፏ አታስገባም። እኔም እንደዚያው። ሌላ የምለምንበት ደጅ የለኝም፤ ያለውን ሁሉ አንኳኩቼ ነው ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለሕዝብ ያወጣሁት።

፭. ይህ ቁጥር ለሚቀጥለው ባለጉዳይ ክፍት ተትቷል።

ለትብብሩ መጠናከር ያላቸውን ሁሉ ከሰጡ ቤተሰቦች አንዷ ሆኜ፣ በማይናወጥ አክብሮት፣ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የብረት አጣቢዋ እናት

ግልባጭ፦
ለወዳጅ ሀገር ኤምባሲ (በዓል ካልሆነ)
ለጋሽ ቀስ በቀስ፣ ባሉበት ሀገር

ማስታወሻ፦ ትናንት ከቢሮዎ አንድ ትሑት ወጣት ደውሎ፣ በትብብሩ የምሥረታ በዓል ላይ ልጄ ከክብር እንግዶች ፊት በመድረክ ቆማ የሁለቱን ሀገሮች ባንዲራ፣ አንዱን በአንድ እጇ፣ ሌላውን በሌላው፣ እንድታውለበልብ መመረጧን አብሥሮኛል። ልጁ በጣም ደስ ብሎት ስለነበር ላስደነግጠው አልወደድኩም። ከሁለቱ የማንኛችን ባንዲራ ይቅር?