ተነቃይ ግድግዳ

ጂንካ፣ ሰኔ 1983 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ያለምወርቅ፣ የጌታ ሰላም ከነቤተሰብሽ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ።

የትምህርት ቤቱን ክፍሎች የሚለየውን ግድግዳ ከቀርከሃ ሠርቼ ተነቃይ አድርጌዋለሁ። አሁን ግድግዳውን አንስተን ከጦርነት የሚመለሱ ወታደሮችን አሳርፈንበታል፤ ሲሄዱ ግድግዳውን መልሰን ክፍሎቹን ለልጆቹ እንለያለን። ልጅሽ ጥላሁን ለውትድርና የታፈሰው ለዚሁ ሥራ ሚስማር እንዲገዛ አልዱባ ገበያ ልኬው ነው።

ትናንት ደበሌ የሚባል ወታደር፣ «ጋሼ ደምሰው፣ ከጥላሁን ጋር አብረን ነበር የዘመትነው። ቁጭ ብለን እናውራ» አለኝ። «ዝናብ ሳይመጣ ግድግዳዎቹን ላስገባና» ብዬው ወጣሁ። ሥራ በዝቶብኝ ሳልመለስ አመሸሁ፤ ጠዋት ስመጣ ወደ ወይጦ በሚሄድ መኪና ተሳፍሮ ሄዷል።

ስለ ጥላሁን ጠይቀሽኛል። እስካሁን ክፉ የነገረኝ ሰው የለም። ለጎረቤቶችሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ እኔንም በጸሎትሽ አትርሺኝ።

ወንድምሽ ደምሰው