በክር የተለካው መንገድ

ለልጄ፣ ከነልጆችሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ በደህና አለን፤ የናፈቀን ያንቺ ዓይን ብቻ ነው።

ሰሞኑን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ፤ ከዚህ አውሮፕላን ማረፊያ እናንተ ጋ እስካለው ድረስ ስንት ይርቃል? ልብስ በምለካበት ሜትር የግድግዳውን ካርታ ስለካ ጎረቤታችን መምህሩ ሳቀብኝና ከትምህርት ቤት ሉል አመጣልኝ። «ዓለም ክብ ናት፤ በክር ለካት» አለኝ። ክሩን ወጠር ባደርገው፣ ካርታው ላይ ያሰመርኩትን ትቶ ሽቅብ በበረዶው አገር በኩል ዞረ፤ ግን አጠረ። ለካስ ዓለምም እንደ ቦርጫም ደንበኛ ናት፤ ጠረጴዛ ላይ የወሰድሽው ልክ ገላዋ ላይ አይሠራም።

ይህን ለእናትሽ ስነግራት ሳቀች። ቀሚሷን እያጠበብኩላት ነበር፤ ዘንድሮ ይህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። እሷ «ጨርቁ ነው የለቀቀው» ትላለች።

መምህሩ ደግሞ ነፋስ ከኋላ ሲገፋው አውሮፕላን ይፈጥናል ይላል። ታዲያ የሚፈጥነው ወደዚያ ሲሄድ ነው ወይስ ወደዚህ ሲመጣ? መሀል ላይ ወርዶ ሌላ መጠበቁስ ምን ያህል ይፈጃል? ጠዋት ና የተባለ ሰው በማግስቱ ይደርሳል? ቲኬትስ በዕለቱ ይገኛል? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው።

ሰማያዊውን ቀሚሷን አንቺን የምትቀበልበት ነው ብላ አስቀምጣዋለች። እሱን እስካሁን አልነካሁትም።

ልጆቹን በየተራ ሳሚልኝ። የቤቱን ስልክ እናትሽ ስለምታነሳው ነው በደብዳቤ የጠየቅኩሽ። መልሱን ግን ልብስ ስፌት ቤቱ ደውለሽ ንገሪኝ፤ ደብዳቤ ይዘገያል።

ናፋቂሽ አባትሽ