ጀርባው ያልተዘጋ ጊታር

ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

«የአባዬን አልጋ አረድከው» ነው የምትይኝ? ማረድን ምን አመጣው! ራስጌውን ብቻ ነው የፈታሁት። እሺ፣ ግርጌውንም። አባዬ ከሞተ ጀምሮ አቧራ ሲጠጣ የኖረ አልጋ እኮ ነው፤ አንቺ ደግሞ ባሕር ማዶ ቁጭ ብለሽ የሳንቃ ጠበቃ ሆንሽብኝ! ለማንኛውም እንዴት ነሽ እታለሜ? እኛ ደህና ነን። ማለቴ... ቆይ፣ እነግርሻለሁ።

ጊታሩን ብታዪው አፍሽን ትይዣለሽ። ስድስተኛ ክፍልን የደጋገመው ወንድምሽ፣ ስልክ ላይ እያየ ብቻ፣ ጎኑን በጋለ ቱቦ አጠፈው፣ አንገቱን ጠረበው። ብየዳ ቤት አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ጊታር ነው ወይስ የሬሳ ሳጥን?» እያሉ ሲያላግጡብኝ ነበር። አሁን ምላሳቸውን ውጠዋል። እንደኔ ያለ እጅ በዚህ ሰፈር አልተፈጠረም፣ ጉራ እንዳይመስልሽ።

ፊቱን ከራስጌው ነው የሠራሁት። ሳንቃውን ትልጊዋለሽ፣ በጣትሽ ታንኳኪዋለሽ፣ ጆሮሽን ትሰጪዋለሽ። ድምፁ ከታፈነ ሳንቃው ገና ወፍራም ነው። ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ በረንዳው ላይ አንዴ ኳ አደረግኩት። መለሰልኝ።

ኳ ኳ... ኳ።

እጄ አየር ላይ ነው እኮ! የጎረቤት ልጅ መስሎኝ እየተሳደብኩ ዞርኩ፤ ማንም የለም። አልፈራሁም። ውኃ ብቻ ጠጣሁ። ላንቺ ላሰማሽ ብዬ ደግሜ እያንኳኳሁ በስልክ ቀዳሁት። ሳዳምጠው የኔ ማንኳኳት የለም። የሱ ብቻ ነው ያለው።

እማዬ ከጓዳ ሰምታ የያዘችው ሰሃን ከእጇ ወደቀ።

«ማነው ያንኳኳው?»

«እኔ ነኛ!»

«አንተ አታውቀውም እሱን» አለችኝ።

አባዬ አንደበቱ ከተዘጋ በኋላ ራስጌውን እያንኳኳ ይጠራን የለ? አንዴ ለውኃ፣ ሁለቴ ለእማዬ። ለኔ ጫማ ነበር የሚወረውረው። ይቺን ሁለቴ፣ ቆይቶ አንዴ የምትለዋን ግን አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው አሉ ያመጣት፤ እኔ ሥራ ስውል። «እሷን ነው የሚጠራው። ነፍሱ እስክትወጣ እሷን ነበር» አለችኝ እማዬ፤ አንቺን ማለቷ ነው። ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ እኔ ደግሞ መሐላ መቼ ይዤ አውቃለሁ!

አሁን የቀረኝ ጀርባውን በኮላ መለጠፍ ነው። ኮላውን ሳነሳ እማዬ እጄን ያዘችኝ፤ «አንዴ ሳጥን ተዘግቶበታል። ሁለተኛ አትዝጋበት።» ከማክሰኞ ወዲህ ሳይነኩትም በራሱ ያንኳኳል፤ እሷ ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጥና «ትመጣለች፣ ትመጣለች» ትለዋለች። ያኔ ዝም ይላል። ትናንት ግን ብትለውም ማንኳኳቱን አልተወም። ማንም ሳይነካው ሰጋቱራው ከሳንቃው ላይ እየዘለለ ሲረግፍ በዓይኔ አየሁ። እማዬ እህል መቅመስ ትታለች እታለም፤ ከዚያ ወንበር አልነሳም ብላለች።

እኔ አልፈራሁም ብያለሁ። ጎረቤት አናጢው ጋ የማድረው ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ነው።

ካለሽበት ክፉ አይንካሽ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ።

ወንድምሽ፣ ያ ጉረኛው

ትመጫለሽ ወይስ ልዝጋው? አንዱን በይ፣ ዛሬውኑ ጻፊ!