ለቁስለኛው ምኑ ነዎት?

ጉርድ ሾላ፣ ሐሙስ ግንቦት 4 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ብርዱ ካለፈ ወዲህ ተሻለሽ? ጋሼንስ ሳሉ ለቀቃቸው? እኔ ይመስገነው፣ ደህና ነኝ። ከሁሉ በፊት ግን ይህችን አንብቢ፤ ቀሪውን ቁጭ ብለሽ ትደርሺበታለሽ። አምደሚካኤል በሕይወት አለ። ቆስሎ ነው። ትናንት ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ማንኪያ ሾርባ ቀመሰ። እኔ ልሙት፣ አላታለልኩሽም።

ከሰሜን ቁስለኛ የጫነው አውሮፕላን ቦሌ የገባው ባለፈው ዓርብ ነው። እኔ ቢሮ ሆኜ የውይይት ክበቡን ቃለ ጉባኤ ስተይብ በላዬ ሲያልፍ ሰምቼዋለሁ። ጩኸቱ አናደደኝና መስኮቱን ድርግም አድርጌ ዘጋሁት። የኛን ልጅ መያዙን በምን ልወቅ? በማግስቱ አብሮት የመጣ ወታደር ቤቴ ድረስ ሰው ላከብኝ። እግሩን ነው የተመታው፣ ከጉልበቱ በላይ። ሐኪሙ ቁርጡን ነገረኝ፤ ቶሎ ከተሠራ እግሩም ይተርፋል፣ ካልሆነ ግን መቆረጡ ነው፤ ብዙ ደም ስለፈሰሰው ያለ ደም አልነካውም፣ የእሱ ዓይነት ደም ደግሞ አልቆብናል፣ ዘመድ ፈልጊ አለኝ። ሰኞ ከመሥሪያ ቤት ሰባት ሰው ለምኜ ይዤ ሄድኩ። የአንዳቸውም አልገጠመም። የእኔ ገጠመ።

ደም የምትቀዳው ሲስተር ገንዘቤ የምትባል ነርስ ናት። ክንድሽን በዚያ በግፊት መለኪያ ጨርቅ ጠቅልላ እየነፋች ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌ ትጠይቅና ትመዘግባለች። መጨረሻ ላይ፣ ለቁስለኛው ምኑ ነዎት አለችኝ። አክስቱ ነኝ አልኳት። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ መደለቅ ጀመረ። መቶ ዘጠና በመቶ አስር! በዚህ ግፊት አንወስድም፣ ለራስዎም ያሰጋዎታል ብላ መለሰችኝ። የተናደድኩት አናደድ! ደሙ የኔ፣ አንቺ ምን አገባሽ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ጎረቤቴ ተናኜ ስትሰማ በባዶ ሆዴ ነጭ ሽንኩርት አስዋጠችኝ። እንኳን ግፊት ሰውም አልቀረበኝ። ጨውም ቡናም ተውኩ። ከሰዓት እዚሁ ሰፈራችን ክሊኒክ ብለካ መቶ ሃያ በሰማንያ! ደስ ብሎኝ ማክሰኞ በጠዋት ሆስፒታል ከች አልኩ። መቶ ሰማንያ አምስት። ወይ ጉዴ!

ሲስተር ገንዘቤ፣ ይሄ በሽታ አይደለም፣ ፍርሃት ነው፤ መርፌ ይፈራሉ ወይ አለችኝ። እኔ! ጥርሴን ያለ ማደንዘዣ ስነቀል እጄን የያዝሽው አንቺ አይደለሽም? ይሁን ብዬ ያለችኝን ሁሉ አደረግሁ። ውሃ ጠጣሁ፣ ሽንቴን ሸናሁ፣ እግሬን ሳላነባብር ሩብ ሰዓት ተቀመጥኩ፣ እስከ አራት እየቆጠርኩ አየር ሳብኩ፣ እስከ ስድስት እየቆጠርኩ አስወጣሁ። ወረደልኝ። መዝገቡን ገልጣ ያንኑ ስትጠይቀኝ ተመልሶ ወጣ። ሐኪሙ በበሩ ብቅ ብሎ ከነገ አያልፍም አለ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ትናንት ስሄድ ሲስተር ገንዘቤ ወረፋ ጠባቂዎቹን አስወጥታ በሩን ዘጋች። እንግዲህ ሁለት ቀን አየሁዎት፣ ግፊትዎ የሚወጣው አንድ ጥያቄ ላይ ስደርስ ነው፤ ይህን መዝገብ ከእኔ ሌላ የሚያየው የለም አለችኝ። እትዬ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፌን ጠብቄያለሁ። በአርባ ቀኑ አንቺ ነጭ ለብሰሽ፣ ታቅፈሽው ክርስትና ልታስነሺ ስትገቢ፣ እኔ ከቅጥሩ ውጪ ጡቴን በነጠላ አስሬ የቀረሁ ቀን የተማማልነውን አንድም ቀን አፍርሼው አላውቅም። ትናንት ግን አንዲት ቃል መለስኩላት። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች። ከዚያ ለካች። መቶ ሠላሳ አምስት በሰማንያ አምስት ሆነ። ደሜ በቱቦው ሲወርድ አየሁት፣ ደስ አለኝ። እግሩ ተርፏል።

ከፈለግሽ ተቆጪኝ። ልጁ ግን ምንም አልሰማም፣ አይሰማምም። አመሻሹ ላይ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ እማዬ ብሎ ተጣራ። አልጋው ጠርዝ ላይ ነበርኩ። ወዬ ልለው አፌ ድረስ መጣ። ከንፈሬን ነከስ አድርጌ፣ እማዬ ቅዳሜ ትመጣለች አልኩት።

እንግዲህ ውሸታም አታድርጊኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሹፌሩ ገመዳ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል፣ አብረሽው ነይ። በሶ ያዢለት፣ ያንቺን ካልሆነ አይበላም። ሆስፒታል ስትደርሺ ሲስተር ገንዘቤ ምኑ ነዎት ብላ ብትጠይቅሽ፣ እናቱ ነኝ በያት። ግራ አይገባትም፣ ነግሬያታለሁ።

መንገዱን ያቅናልሽ፣ እሱንም በእግሩ ቆሞ ለማየት ያብቃሽ። ጋሼን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

እህትሽ፣
የልጅሽ አክስት