ፍራሽ ባለማስጣቴ ለተጻፈልኝ ማስጠንቀቂያ

ለአማተር ሞተረኞች ክለብ ክቡር ሊቀመንበር

ጉዳዩ፦ ባለፈው እሑድ ፍራሽ ባለማስጣቴ ስለደረሰኝ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ አጥንትዎ ሁሉ በየቦታው ሆኖ፣ ጉልበትዎም ሳይላጥ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ ያለው ምኞት ለወግ ያህል ይባል ነበር፤ ለሞተረኞች አለቃ ሲሆን ግን ጸሎት ነው። የባለቤትዎም፣ የልጆችዎም፣ የዚያች ቀይ ሞተርዎም ጤና እንደዚሁ ይሁን። እኔ በሦስተኛው ኩርባ ላይ የምኖር ፍራሽ ሰፊ ነኝ። እርስዎ በአካል አያውቁኝም፤ አባላትዎ ግን እትዬ ፍራሽ እያሉ ይጠሩኛል፣ አብዛኞቹም የተዋወቁኝ ተጋድመው ነው።

ሁለት ማኅተም ያረፈበት ማስጠንቀቂያዎ ማክሰኞ ዕለት ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤው እንደሚለው፣ ባለፈው እሑድ እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ «በደኅንነት ዕቅዱ መሠረት» ሠላሳ ሁለት ፍራሾቼን በድንጋዩ አጥር ላይ ማስጣት ሲገባኝ ባለማስጣቴ፣ ቁጥር አሥራ አራት ተወዳዳሪ ከአጥሩ ጋር ተጋጭቶ ትከሻው ተሰብሯል፤ ጥፋቱ ከተደገመም ክለቡ ተገቢውን እርምጃ ለመውሰድ ይገደዳል። ክቡርነትዎ፣ በዕለቱ ዝናብ ይዘንብ ነበር። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ስፌትሽ ላላ ተብዬ ተወቅሻለሁ፣ ዘገየሽ ተብዬም ተሰድቤያለሁ፤ ጥጥሽን ከዝናብ አስገባሽ ተብዬ በማኅተም ስገሠጽ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ይህ ለሁሉም የሚነበብ ግልጽ ደብዳቤ እንደመሆኑ መጠን ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ። ፍራሽ በየጊዜው ፀሐይ ካልመታው ጥጡ ይጓጉላል፣ ይሸታልም። የእኔ ግቢ ጠባብ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፈውም ከአጥሩ ውጭ ስለሆነ፣ እሑድ እሑድ ፍራሾቼን አወጣና ግማሹን ከአጥሩ ላይ አስደግፋለሁ፣ ግማሹን ከሥሩ እዘረጋለሁ። እንዲህ እያደረግሁ አሥራ አምስት ዓመት ከቆየሁ በኋላ ክለብዎ መጣና የመወዳደሪያ መንገዱን አጥሬን አስታኮ አሰመረ። ከመንገዱ እስከ አጥሩ ስምንት እርምጃ ነው። ኩርባውን የሳተ ሞተረኛ ይህን ስምንት እርምጃ የሚጨርሰው «እናቴ» ለማለት እንኳ ጊዜ ሳያገኝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ወይ የእኔ ፍራሽ ነው፣ ወይ ድንጋይ።

አሁን በእጄ ያሉት ፍራሾች በሙሉ የአንድ ሆስፒታል የወሊድ ክፍል ናቸው። ታድሰው አልቀዋል፤ ቅዳሜ ጠዋት ተጭነው ወደ እናቶቹ ይመለሳሉ። የዓመቱ ትልቁ ውድድር ደግሞ በማግስቱ እሑድ ነው፤ በዚያን ቀን አጥሩ ራቁቱን ይውላል ማለት ነው። ጊዜ ስለሌለን አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ክለብዎ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁና።

አንደኛ፦ አምና አንድ ሰሌዳ የያዘ ትሑት ሰው መጥቶ ፍራሾቼን አንድ በአንድ ቆጠረ። ገዢ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩለት፣ ጥጡንና ስፖንጁን ለይቼ አስረዳሁት። በክርኑ ተጭኖ ሞከረ፤ ከዚያ ጫማውን አውልቆ ተጋደመ፤ ላንድ አፍታም አንኮራፋ። ሲነሳ «እጅግ አጥጋቢ» ብሎ ጽፎ ሄደ። ለካ የእርስዎ የደኅንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ ኖሯል! በሪፖርቱም ላይ ፍራሾቼ «ቋሚ ለስላሳ ማገጃ፣ ብዛት ሠላሳ ሁለት» ተብለው ሰፍረዋል። ከሠላሳ ሁለቱ አንዱ ለእድሳት የመጣ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊዋ ፍራሽ ነበር፤ እሷም በክለቡ ቋሚ ንብረት ላይ እንደምትተኛ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ሁለተኛ፦ በዚሁ ሪፖርት ክለብዎ በተወዳዳሪዎች ደኅንነት አርአያ ተብሎ የምስክር ወረቀት ተሸልሟል። በወርቃማ ፍሬም ሆኖ ከወንበርዎ በላይ መሰቀሉን ሰምቼ እጅግ ደስ ብሎኛል። አባቶች የሰው ወርቅ አያደምቅ ብለዋል፤ ስለ ሰው ጥጥ ግን ያሉት ነገር ስለሌለ ይድመቁበት።

ሦስተኛ፦ ፍራሾቼ በዕቅድ መያዛቸው ከታወቀ ወዲህ በእኔ ኩርባ ላይ ፍሬን መያዝ እንደ ፈሪነት እየተቆጠረ ነው። ከአባላትዎ መካከል ፀጉር አስተካካዩ ዘንድሮ አምስት ጊዜ ወድቋል፤ ጥጡ ያሳክከኛል ብሎ ስፖንጁ ወደ ግራ እንዲዛወርለት ጠይቆኛል፣ እሱ የሚወድቀው ወደ ግራ ነውና። ፋርማሲስቷ በተከታታይ ሁለት እሑድ ወድቃ፣ በሁለተኛው ሳትነሳ እዚያው እንደተጋደመች ለእናቷ የሚሆን አንድ ፍራሽ አዛኛለች። ደንበኛ ማግኘቴን አልጠላሁም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደተባለው ዓይነት ናቸው፤ ሣሩን ያሳየኋቸውም እኔ መሆኔ ያሳስበኛል።

አራተኛው አቤቱታ የእኔ ሳይሆን የባለቤቴ ነው። ባለቤቴ ጆሮው ስለደከመ የሞተሩ ጩኸት አይሰማውም፤ ስለዚህ እሑድ ጠዋት ከፍራሾቹ በአንዱ ላይ ጋደም ይል ነበር። ተው ብለው የት ይሰማኛል፣ ጆሮው አይሰማማ። አንድ ቀን ሲነቃ ከጎኑ ሄልሜት ያደረገ ሰው ተኝቶ አገኘ። ሰውዬው ይቅርታ ጠየቀ፤ ባለቤቴም የቤተ ዘመድ እንግዳ መስሎት ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጠው፣ የትራሱንም እኩሌታ አካፈለው። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ሄልሜት ሳያደርግ እንቅልፍ አይወስደውም። መኝታ ቤት ውስጥም ጭምር ነው የምልዎት። ክለቡ ለዚህ ምን ዓይነት ካሣ እንዳለው ባላውቅም እኔ ግን ባል ናፍቆኛል።

አምስተኛው ስለ ቁጥር አሥራ አራት ነው፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ቁጥር አሥራ አራት የሂሳብ መምህር ነው። ሁለቱ ሴት ልጆቹ ከተመልካቾች ገመድ ወዲህ ቆመው፣ ባለፈ ቁጥር ድምፃቸው እስኪዘጋ ይጮኹለታል። ባለፈው እሑድ በዝናቡ ውስጥ ኩርባውን ሲጀምር ቀና ብሎ ወደ አጥሩ ሲመለከት አይቼዋለሁ፤ የሚፈልገውን ነገር እንዳጣም ከፊቱ አውቄያለሁ። ሮጬ ደርሼ ራሱን ደግፌ ያዝኩት። አምቡላንሱ ለፎቶ እንዲያምር ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ቆሞ ስለነበር፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሰውየው መንቀጥቀጡን ከጨረሰ በኋላ ደረሰ። መምህሩ በዚያ ሁሉ ሕመም ውስጥ «እትዬ፣ ፍራሹስ?» ብቻ አለኝ። እኔም ይቅርታ ጠየቅሁት። ምን አድርጌ ነው ይቅርታ የጠየቅሁት? ይህን ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ያስለቅሰኛል። ማስጠንቀቂያዎ የደረሰኝ በሁለተኛው ቀን ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲባል እሰማ ነበር፤ ዳውላ ሆኜ ሳየው ግን ይበልጥ ይገባል።

ስድስተኛ፦ ጎረቤቴ ጎሚስታው በግቢው የከመራቸውን ሁለት መቶ አሮጌ ጎማዎች በነጻ ወስዳችሁ ከአጥሩ ፊት ደርድሯቸው እያለ ክለብዎን ሦስት ጊዜ ለምኗል። የተሰጠው መልስ በእጄ ነው። ጎማዎቹ ከተደረደሩ ክለቡ በአጥሩ ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደላት ያስጻፈውን «ደኅንነት ይቀድማል» የሚል መፈክር ስለሚሸፍኑት ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም ይላል። ፍራሾቼስ ይሸፍኑት የለም ወይ ብዬ ጽሕፈት ቤትዎን ብጠይቅ፣ እነሱ ጊዜያዊ ስለሆኑ ግድ የለም ተባልኩ። በሪፖርቱ ላይ ቋሚ፣ በአጥሩ ላይ ጊዜያዊ! ያንን መልስ ሰባት ጊዜ አነበብኩት፤ በሰባተኛው ባለቤቴ መነጽሬን ቀማኝ።

እንግዲህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከእሑድ በፊት ጎማዎቹ ይደርደሩ፤ አምቡላንሱም ሰው ከሚያሸንፍበት ተነስቶ ሰው ወደሚወድቅበት ይምጣ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ የሆስፒታሉን ነፍሰ ጡሮች ጠርተው ለምን ፍራሻችሁን ወሰዳችሁ ብለው ያስጠንቅቋቸው፤ ማኅተሙ እንደሆነ አይጠፋም።

ላለፉት አራት ዓመታት የክለብዎ ማገጃ፣ ከአምና ወዲህም ሳላውቅ ቋሚ ማገጃ ሆኜ እንዳገለግል ስለፈቀዱልኝ፣ ሥራዬንም በክርንና በማንኮራፋት አስመርምረው ስላጸደቁልኝ፣ በመጨረሻም ዝናብ የእኔ ጥፋት መሆኑን በጽሑፍ ስላሳወቁኝ ውለታዎን እስክሞት አልረሳም።

ራስዎ ላይ ሄልሜት፣ ከሥርዎ ጥጥ አይታጣ እያልኩ በታላቅ ትሕትና እሰናበታለሁ።

እትዬ ፍራሽ
የሦስተኛው ኩርባ ፍራሽ ሰፊ፣ ባለ አንድ ማስጠንቀቂያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን የጻፍኩት ሐሙስ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ መልስ አልመጣም። ፍራሾቹ ተጭነው እንደሄዱ ግን አባላትዎ ማንም ሳያዛቸው መጡ። ፀጉር አስተካካዩና ፋርማሲስቷ ከጎሚስታው ጋር ጎማ ሲያንከባልሉ ዋሉ። መምህሩም አንድ እጁ በፋሻ ታስሮ፣ በሌላው እያመለከተ ቆጠረላቸውና ሁለት መቶ ሳይሆን አንድ መቶ ዘጠና ሰባት ነው ብሎ አረመን። አጥሩ ከዳር እስከ ዳር ጎማ ለብሷል፤ ትእዛዝዎን ስለምናከብር መፈክሩ ያለበትን ቦታ ብቻ ክፍት ትተነዋል። የነገውን የመክፈቻ ዙር እርስዎ ራስዎ በቀይዋ ሞተርዎ እንደሚነዱ ማስታወቂያው ላይ ስላነበብኩ ግን በዚያ ክፍት ቦታ ልክ አንድ ወፍራም ፍራሽ ሰፍቼ ሰቅዬለታለሁ፤ ቃሉ እንዳይጠፋብዎም «ደኅንነት ይቀድማል» ብዬ በቀይ ክር ጠልፌበታለሁ። ከመጡ በግንባርዎ ይምጡ፣ በቅርብ ያነቡታል። ከዘነበ ግን፣ እንደሚያውቁት፣ ፍራሼን አስገባለሁ።