ቧንቧው ሥር የተደፉት ጠርሙሶችህ

ውዴ ሰይድ፣

ካንተ ከተለየሁ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ማረፊያህንም ጀነት ያድርግልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ያው ነው፤ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። አሁን የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ግን ልግመቱን የሚሰማለት የለም።

አዎ፣ ካዛንቺስ የለንም። ግቢያችን ለልማት ፈርሶ ላንቻ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ጎረቤቶቻችንም አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ ተበትነዋል። ልጃችንን ከድርን የሐዋሳው ሥራ አይለቀውም፤ ጁምዓ ጁምዓ ይደውልና በልተሻል ወይ ይለኛል፤ በልቻለሁ እለዋለሁ። እውነቱን ላንተ ልንገርህ፣ ለአንድ ሰው ምግብ መሥራት አልሆነልኝም። እጄ የለመደው ለሁለት ነው፤ የተረፈው በማግሥቱ ይጠብቀኛል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ባክቴሪያዎችህ ነው። ከኔ ወሬ የእነሱ ወሬ እንደሚያስደስትህ አውቃለሁ፤ አልቀየምህም።

የግቢያችን ቃሪያ በሙሉ ሥሩ በስብሶ ሲጠወልግ አንዲቷ ብቻ ለምልማ የቀረችበት ያ ክረምት ትዝ ይለኛል። እኔ ለስልስ ልቀነጥሳት ስመጣ አንተ ተንበርክከህ በማንኪያ ሥሯን ትቆፍር ነበር። አፈሩን መሥሪያ ቤት ወስደህ ባክቴሪያውን ከውስጡ ለየኸው፤ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ላገኘኸው ሁሉ ስታወራ ከረምክ። ባክቴሪያ ሁሉ በሽታ የሚመስለኝን ሴትዮ ቁጭ አድርገህ አስተማርከኝ። ይሄኛው ሥሩ ዙሪያ ቀድሞ ይሰፍራል፣ በሽታ አምጪውን ሻጋታ ምግቡን ይሻማዋል፣ የሚያዳክመውንም ነገር ያመነጭበታል፤ አንድ ቀን ገበሬው መርዝ ከመርጨት ይገላገላል አልከኝ። ዕድሜ ልኬን ሂሳብ ያስተማርኩ ሴት እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አፌን ከፍቼ አዳመጥኩህ።

ጡረታ ስትወጣ ሥራውን የሚቀጥል ጠፋና ጠርሙሶቹን ይዘህ ቤት ገባህ። ፍሪጁ የማን እንደሆነ ስንቴ ተከራከርን! የኔ ወተት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያንተ ጠርሙሶች መካከለኛውን መደርደሪያ እንደ ባለርስት ያዙት። እንግዳ ውሃ ሊቀዳ ፍሪጁን በከፈተ ቁጥር ልብህ ይሰቀል ነበር።

ሰይዴ፣ አሁን የምነግርህን ተረጋግተህ ስማኝ። ባንተ ለቅሶ ጎረቤቱ ምግብ ይዞ ሲጎርፍ ወይዘሮ የሺ ድስቱን የምታስቀምጥበት አጣች። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ማን ምን እንደሚሠራ አላይም ነበር። ኋላ እሷው እንዳጫወተችኝ፣ ፍሪጁን ከፈተች፤ የተበላሸ ነገር መሰላትና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ግቢው ውስጥ ቧንቧው ሥር ደፋቻቸው። ደግሞ አጥባ፣ ገልብጣ፣ ደርድራ አስቀመጠችልኝ። ለቀስተኛው ሲበተን ያገኘኋቸው ጥርት ብለው፣ ባዶአቸውን ነው። ምን ልበላት? ያን ሁሉ ቀን ቤቴን የያዘችልኝ እሷ ናት። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ አንተም አትቀየማት። እኔ ግን ያን ቀን ሁለተኛ ሞትክብኝ።

ከወራት በኋላ አብራህ ትሠራ የነበረችው ሕይወት መጣች። የበርበሬ ገበሬዎች በሥር መበስበስ ተማረዋል፣ የጋሽ ሰይድን ባክቴሪያ ልሞክረው አለችኝ። ባዶዎቹን ጠርሙሶች አሳይቼ የሆነውን ነገርኳት። የት ነው የተደፉት ብላ ጠየቀችኝ። ግቢው ሊፈርስ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ሰፈሩ ዕቃውን ሲጭን እኛ ቧንቧው ሥር ቁጢጥ ብለን፣ እሷ አፈር ስትዝቅ እኔ ፌስታል ዘርግቼ እቀበላታለሁ። ያየን ሁሉ ዘይነባስ ለየላት ሳይል አልቀረም።

አፈሩን በውሃ በጥብጣ በሙቀት አቆየችው። ያንተዎቹ ክፉ ቀን ሲመጣ ሽፋን ለብሰው ስለሚተኙ ሙቀቱን ይችሉታል፣ ሌላው አብዛኛው ያልቃል አለችኝ። ከዚያ አንድ ቀን ደወለች። ሄጄ አየሁት፤ ሳህኑ ላይ የበቀለ ነጭ፣ ጭምድድ ያለ፣ የቀዘቀዘ ወተት ላይ የሚረጋውን ስስ ቆዳ የመሰለ ነገር ነው። መርምራው ያንተው ዓይነት ሆኖ አግኝታዋለች። ነገር ግን ሕይወት መዋሸት አትወድም፤ የሺ የደፋችው ይሁን ወይስ ድሮም ከግቢው አፈር ያልወጣ ዘመዱ፣ እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም አለችኝ። ለሥራው ልዩነት የለውም አለች። ለኔ አለው። አንተ በእጅህ የያዝከው እንዲሆን ነበር የፈለግኩት። እሱ ነው ብዬ ወሰንኩ፤ በዚህ አትከራከረኝ።

ዛሬ ለሙከራ የተከለቻቸውን በርበሬዎች እንዳይ ጠራችኝ። ሁሉም የተተከሉት በሽታው ባለበት አፈር ላይ ነው። ያንተ ባክቴሪያ ያልተጨመረበት ረድፍ አንገቱን ደፍቷል። ያንተ ረድፍ ቆሟል፤ ሁለቱ ጠውልገዋል፣ የቀሩት ቅጠላቸው እንኳ አልታጠፈም። ሕይወት ገና ማሳ ላይ መፈተን አለበት፣ ቸኩለን አናውራ አለች። እኔን ግን አፌን በላኝ።

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ከየቱ እንደምጀምርልህ ሳሰላ መጣሁ። የጠወለጉትን ሁለቱን ለመጨረሻ ላቆያቸው ወይስ አስቀድሜ ልናገራቸው እያልኩ፣ ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩ። የወረድኩት ካዛንቺስ ነበር። በራችን የነበረበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ ወደየቤቱ ይተማል። እዚያ እስክቆም ድረስ ቤቱም እንደሌለ፣ አንተም እንደሌለህ ትዝ አላለኝም። ወሬዬን እንደያዝኩ ብዙ ቆምኩ።

ላንቻ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ቀስ በቀስ ትለምጂዋለሽ ይለኛል። ውሸት አይደለም፣ ደረጃውንም ዝምታውንም ለምጄዋለሁ። ደስ የሚል ነገር ሰምቼ ላንተ አለመንገርን ግን አልለመድኩትም፤ እስክሞትም አልለምደውም።

ያንተው ዘይነባ